ማሲንቆው ይዞት የገባው

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ማን እንደሆንክ ገና አላወቅኩም። ሳውቅህ ግን ወዮልህ።

ጠዋት ከመገናኛ በታክሲ ስመጣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። መጀመሪያ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ከዚያ ድምፁን ለየሁት። የዘፋኜ የሰርክ ድምፅ ነው። ያውም ጥሬው፤ ሙዚቃ ያልገባበት፣ ምንም ያልታረመ፣ በግንቦት ጉንፋን ይዟት እያለ ለሙከራ ብቻ የቀዳሁት። አራተኛው ዘፈን ላይ ከፍ የሚለው ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰነጠቃል፣ «ውይ እናቴ! ድመት ሆንኩ!» ትላለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ረዳቱ ሳይቀር «ድመት ሆንኩ!» እያለ በሩን ዘጋው።

ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ፈለግኩት። «ጥሬ ድምፅ» የሚባል የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ሥራው ገና ያልወጡ ዘፈኖችን እየሰረቀ ማውጣት ነው። ዘጠኙም ዘፈኖቻችን እዚያ ተደርድረዋል። ለእንቁጣጣሽ ሊወጣ የነበረ አልበም፣ የልጅቷ የመጀመሪያ አልበም፣ እኔ ሁለት ዓመት ያቀናበርኩት።

ከሰዓት ሰርክ መጣች። ዐይኗ አብጧል። «እንዴት ወጣ?» አለችኝ። እኔም «ለማን ሰጠሽው?» አልኳት። ትንሽ ድምፄ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ጠባብ ነው። ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።


ሐምሌ 5

ስልክ አታነሳም።

እትዬ አባይነሽ አጥሩ ሥር አገኙኝ። የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ስቱዲዮ የምለው ከጓሯቸው ያለችውን ሰርቪስ ቤት ነው። «እንድርያስ፣ ልጅቷን እንዲያ ስትጮህባት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ እኮ» አሉኝ። አራቱንም ግድግዳ በስፖንጅ የለበጥኩት እኔ፣ ሰፈሩ በየት በኩል ሊሰማ ይችላል? ሰው ማጋነን ይወዳል።


ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ስበላም ስተኛም የማስበው ስለ ሌባው ነው። አንገቱን ይዤ ሰርክ ፊት ሳቆመው ይታየኛል። «በይ፣ ይኸውልሽ» እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በየቀኑ እለዋውጠዋለሁ።

ማን ሊሆን ይችላል? ወደዚህ ቤት የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። ሰርክ ራሷ አይደለችም (አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው)። እትዬ አባይነሽ ስልካቸውን እንኳ የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። የቀረው ለይኩን ነው።

ለይኩን አራት ዓመት እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ልጅ ነው። ሲመጣ ትዝታና ባቲ አይለይም ነበር። ባለፈው መስከረም «ጋሼ፣ የራሴን ልሞክር» ብሎ ሲግናል ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። መርቄ ሸኘሁት፤ ቢያንስ አልረገምኩትም። በወሩ ከእኔ ዘፋኞች ሦስቱ እሱ ጋ ይቀዱ ነበር። «እነሱ ናቸው የመጡት» አለኝ ዐይኑን በጨው አጥቦ።

ግን ማስረጃ የለኝም። ገና።


ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሚካኤል ነው። የካ ሚካኤል ሥር ስቱዲዮ የከፈተ ሰው በአሥራ ሁለት ቀን መቅዳት እንደማይችል ያውቃል፤ የቤተ ክርስቲያኑን የድምፅ ማጉያ ስፖንጅ አያስቆመውም። ስለዚህ ባሮክን ዛሬ ና አልኩት። ባሮክ አብሮ አደጌ ነው፤ አንድ ባንክ ውስጥ ከኮምፒውተር ሌባ የማባረር ሥራ ይሠራል።

ገና ከመቀመጡ «ኢንተርኔቱን ንቀለው» አለኝ። ነቀልኩት። ብዙ ሰዓት ሲመረምር ቆየና አንዱን ስም በጣቱ ጠቆመኝ። የኮምፒውተሩ የራሱ ነገር የሚመስል ስም ነው፤ ብቻዬን ሺህ ጊዜ ባየው አልጠረጥረውም።

«ይሄ ኮምፒውተሩን በከፈትክ ቁጥር አብሮ ይነሳል» አለ። «ተነሥቶ ወደ ውጭ ይደውልና መጥቻለሁ፣ ምን ልታዘዝ ይላል። ሰውዬው ካለበት ሆኖ ፋይልህን ይቀዳል፣ የምትጽፈውን ያነባል፣ ካሰኘው ማይክህን ይከፍታል።»

«ማይኬን?»

«ያን ሁሉ» አለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ማይኮች እያየ።

ደሜ ፈላ። እዚህ ቤት ውስጥ ምን ያልተባለ ነገር አለ? ሰርክ በዘፈኖቹ መካከል ስለ እናቷ፣ ስለ ጥላት የሄደው ሰውዬ፣ ስለ ሁሉም ታወራኝ ነበር። እኔም አንዳንድ ሰው አምቻለሁ።

«በሬ ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው የሚያድረው፤ እንዴት ገባ?»

«ሰብሮ አይገባም እኮ! ትሮጃን የሚሉት ለዚህ ነው። የምትፈልገውን ዕቃ ሆኖ ይመጣል፣ አንተው ትቀበለዋለህ። ከገባ በኋላ ከውስጥ ሆኖ ለባለቤቱ የኋላ በር ይከፍትለታል።»

የገባበትን ቀን ፈልጎ አገኘው። ሚያዝያ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት። በዚያ ቀን የጫንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሲንቆውን።

ይህን እኛ አቀናባሪዎቹ ብቻ ነን የምንረዳው። ከውጭ የሚሸጠው የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ ቫዮሊኑ በዓይነት በዓይነት ነው፤ ማሲንቆ ግን የለም፣ ክራር የለም። ስለዚህ አንዱ ደህና ማሲንቆ መቺ አስቀምጦ እያንዳንዱን ድምፅ ቀድቶ ጥቅል ካዘጋጀ ለሁላችንም ይደርሳል፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ። የደረሰህን ይዘህ ዝም አትልም፣ ለሚቀጥለው ታሳልፋለህ፤ ወጋችን ነው። ማን እንደሠራው ጠይቆ የሚያውቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ያ ማሲንቆ ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ ድንቅ ነበር። በኪቦርድ እየተነካ የሰው እጅ የነካው ነው የሚመስለው። አምስት ዘፈን ላይ አስገብቼዋለሁ። ሌባው ጆሮ አለው፣ ምን እንደሚርበን ያውቃል፤ ይህ ነው ይበልጥ ቆሽቴን ያሳረረው።

«ሲጫን አንቲቫይረሱ አልጮኸም?» አለ ባሮክ።

«ጮኸ። አጠፋሁት። አብሮት የመጣው መመሪያ አጥፉት ይላል።»

ባሮክ አየት አደረገኝ። ምን ያሳየዋል? ሁሉም ሰው ያጠፋዋል። ያልተከፈለበት ፕሮግራም ሁሉ ሲጫን መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው። አቀናባሪ ሁሉ ሌባ ያስገባል ሊለኝ ነው?


ሐምሌ 13

አገኘሁት!

የሚያዝያን መልእክቶች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። ማሲንቆውን የላከልኝ ለይኩን ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ይሄን ማሲንቆ ከአቀናባሪዎቹ ግሩፕ አገኘሁት፣ ሁሉም ወዶታል። የኔ ኮምፒውተር አልቀበልም ብሎኛል። አንተ ጋ ከሠራ ንገረኝ።»

አልቀበልም ብሎኛል! አየህ? የራሱን ኮምፒውተር አዳነ፣ ለእኔ ላከው። አውቆ ነው። አንተ ጋ ከሠራ ንገረኝ ይላል ደግሞ፣ እንደ ሐኪም።

በዚያን ቀን «ይሠራል፣ ግሩም ነው» ብዬ ከልብ ምልክት ጋር መልሼለት ነበር። ልብ በማሳየት ፋንታ ጡጫ ማሳየት ነበረብኝ።


ሐምሌ 16

ባሮክ ተመልሶ መጣ። ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። በዚህ በሽታ የተያዘን ኮምፒውተር ጠራርጌ አድናለሁ ማለት ሞኝነት ነው ይላል፤ አንዱን በር ስትዘጋ ሌላ የተወልህ ሊኖር ይችላል። ዘፈኖቹን ብቻ፣ አንድ በአንድ ተፈትሸው፣ መለሰልኝ። የይለፍ ቃሎቼን በሙሉ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ አስቀየረኝ፣ ስገባ ስልኬ ላይ ቁጥር እየመጣ እንዲጠይቀኝም አደረገ። ለዕለት ሥራ የምገባበት ስም ፕሮግራም መጫን እንዳይችል ቆለፈው። «መጫን ስትፈልግ ሌላው ስም ይጠይቅሃል። ያኔ ቆም ብለህ ታስባለህ» አለኝ። ሥራዬን ከተገለበጠ በኋላ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ዲስክ ላይ እንዳስቀምጥ፣ ፕሮግራሞቹ አድሱኝ ሲሉ እንዳላሳልፋቸው፣ የመጣልኝን ጥቅል ሁሉ ከመክፈቴ በፊት እንዳስመረምር መከረኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ «ዋናው ነገር» አለ፣ «አንቲቫይረሱን አጥፋ የሚልህ ነገር ካለ፣ የላከው ወንድምህም ቢሆን አትጫነው። ወንድምህም ሳያውቅ ነው የሚያስተላልፈው።»

ሳያውቅ! ባሮክ ለሰው ጥሩ ያስባል። ባንክ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አይገባኝም።

«ለግሩፑ ዛሬውኑ ንገራቸው፤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም እናመልክት። ማሲንቆው ያለበትን ሁሉ አጥፋ። አንድም እንዳይቀር።»

እሺ አልኩት።

አንድ ፍላሽ አስቀርቻለሁ። ለማስረጃ ነው።


ሐምሌ 22

ለግሩፑ ማስጠንቀቂያ ጽፌ ነበር። «ወንድሞች፣ ማሲንቆው ውስጥ ሌባ አለ» ብዬ ጀመርኩት። ከዚያ አሰብኩና ሰረዝኩት። ለግሩፑ ከነገርኩ ለይኩን ይሰማል። ከሰማ ይጠነቀቃል። ማንም እንዳይነቃ ነው የምፈልገው።

የሌሎቹ ነገርስ? ሌሎቹም ሰርክ ላይ ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።


ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

እንጦጦ ወጣሁ። ዝናቡ መንገዱን አጥቦት ታክሲው ግማሽ ላይ አወረደን። በእግሬ ተሳብኩ። የሰርክ እናት ቤት ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ አወለቀው።

እማማ ብርቄ በር ላይ ቆመው ነው ያናገሩኝ። ሌላ ጊዜ «ግባ፣ ግባ» የሚሉት ሴትዮ።

«የለችም ልጄ።»

«የት ሄደች እማማ?»

«ሥራ አግኝቻለሁ ብላ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ወደ ሲግናል ነው መሰለኝ። ድምፅዋ ሲመለስልኝ ነው እኔ ደስ ያለኝ። ሁለት ሳምንት እኮ በሹክሹክታ ነው ስታወራ የነበረችው።» ትንሽ ቆዩና «አንተም ጮኽክባት አሉ» አሉኝ።

«አልጮኽኩም እማማ፣ ደንግጬ ነው።»

«እንግዲህ እንጃ።»

ሲግናል። አንድ ሱቅ ገብታ ልብስ እየሸጠች ይሆናል። ያ ድምፅ! ያ ጉሮሮ «ይሄ በስንት ነው» እየተባለ ሲውል! መንገዱን በሙሉ ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ። ለይኩን ይህን ይከፍላል። እያንዳንዷን ቀን ይከፍላል።


ሐምሌ 29

ሲግናል ሻይ ቤት። ከጀርባዬ ሁለት ጊታር መቺዎች።

አንዱ፦ «ለይኩን ጋ ምን እየተሠራ ነው? በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው።»

ሌላው፦ «ትልቅ ነገር ነው አሉ። ለማንም አይናገርም።»

ሻዬን ትቼ ወጣሁ። እኔን ገድሎ እሱ ትልቅ ነገር እየሠራ ነው።


ነሐሴ 3

ለይኩን ደወለ። አነሳሁት፤ ድምፄን እንደ ድሮው አደረግኩት። በዚህ ጎበዝ ነኝ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ደህና ነህ?»

«ደህና። ጾሙ እንዴት ይዞሃል?»

«ደህና ነው። ጋሼ… የሰርክ አራተኛው ዘፈን ፍጥነቱ ስንት ነበር? ለማወቅ ያህል ነው።»

ለማወቅ ያህል! ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ ምናልባት ሲያቅበጠብጠው ልሰማ ብዬ። ወዲያው ሌላ ጠየቀ፦ የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ላይ ያለው ክራር በየትኛው ቅኝት ነው? አምባሰል አልኩት። «አዎ፣ አዎ፣ መስሎኝ ነበር» አለ እየተጣደፈ።

ድምፅዋን አጋልጦ አልበቃውም። ቅንብሬንም ሊወስድ ነው። ሰርክን አውርዶ በእኔ ዜማ ሌላ ዘፋኝ ሊያቆም ነው! አሁን ሁሉም ገባኝ። በሩን የዘጋው ለዚህ ነው።

እኔም ትንሽ ልጅ አይደለሁም። አፈር ድሜ አስግጠዋለሁ።


ነሐሴ 5

ፍልሰታ ነው። እትዬ አባይነሽ ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ «ና እንጂ አንተም፣ ሆድህ ውስጥ የያዝከውን እዚያ አራግፈው» አሉኝ። «ሥራ አለብኝ እትዬ» አልኳቸው። ሥራ የለኝም። ከሐምሌ ወዲህ እዚህ ስቱዲዮ የገባ ዘፋኝ የለም።

የምፈልገው ይህን ነው፦ እኔ የቀመስኩትን እንዲቀምስ። ተዘግቶ የሚሠራው ትልቅ ነገር አንድ ጠዋት ጥሬውን «ጥሬ ድምፅ» ላይ ተበትኖ እንዲያገኘው። ታክሲ ውስጥ እንዲሰማው። እኔ ቻናሉን የያዘውን ሌባ ስልክ አላውቅም፣ አላናግረውምም፤ ሌባው ግን የትም አልሄደም፣ ፍላሹ ውስጥ ያለው ነገር እንዲደውልለት እየጠበቀ ነው። አንድ በር መክፈት ብቻ ነው።

አላደረግኩትም። አሰብኩት ነው ያልኩት።


ነሐሴ 11

ራሱ ጠየቀኝ! እመኑኝ፣ ራሱ!

«ጋሼ፣ ደህና የዋሽንት ድምፅ የለህም? ያለኝ ሁሉ የፕላስቲክ ነው። ነፍስ ያለው ዋሽንት ፈልጌ አጣሁ። በዚህ በኩል ካንተ ሌላ የማምነው የለም።»

ካንተ ሌላ የማምነው የለም። እሺ ለይኩን። እሺ።


ነሐሴ 12

መብራት የለም። ሚካኤል ነው፣ ማጉያው በጄኔሬተር ይሠራል፣ እኔ ግን በጨለማ ተቀምጫለሁ።

ከሰዓት መብራቱ መጣ። የራሴ ዋሽንት ነበረኝ፤ አምና ከአንድ ሽማግሌ ዋሽንት ነፊ የቀዳሁት፣ ለማንም ያልሰጠሁት። ከማሲንቆው ጥቅል ውስጥ ድምፆቹን አውጥቼ ዋሽንቱን ተካሁ። ሌላውን አልነካሁትም። ስሙን «ዋሽንት» አልኩት። ለኮምፒውተሬ እንዳይተርፍ በአሮጌው ላፕቶፔ ነው የሠራሁት፣ ኢንተርኔት ነቅዬ። ባሮክ ያስተማረኝ ጠቀመኝ።

መብራት ሄደ። መጣ።

በስልኬ ላክሁት። እንዲህ ብዬ፦ «ለይኩን፣ ይሄ የራሴ ዋሽንት ነው። ሲጫን አንቲቫይረሱ ሊጮህ ይችላል፤ ያው እንደ ሁልጊዜው አጥፋው።»


ነሐሴ 13

«ደረሰኝ ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገዛ ዋሽንትህን!! አንድ ቀን ትረዳለህ ምን እንዳደረግክልኝ።»

እሱም ይረዳል።

ቡሄ ነው። ልጆች እየጨፈሩ በር ላይ መጡ። አውራጁ መካከል ላይ «ድመት ሆንኩ» ብሎ አስገባበት፣ ሁሉም ሳቁ። ሙልሙል ከእትዬ አባይነሽ ተቀብለው ሄዱ። እኔ ምንም አልሰጠኋቸውም።


ነሐሴ 18

ቻናሉን ጠዋት አየዋለሁ፣ ቀትር ላይ አየዋለሁ። እስካሁን የለም።


ነሐሴ 21

የለም። ምናልባት አልጫነውም። ምናልባት ነቃብኝ። ጽፌ ልጠይቀው አሰብኩ፤ «ዋሽንቱ እንዴት ነው» ብል ምን አለበት?

ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ አስለቀሰን» ብሎ መለሰ።

አስለቀሰን? ከማን ጋር?


ነሐሴ 25

ባሮክ ሲያልፍ ገባ። ኮምፒውተሬ ንጹሕ መሆኑን አይቶልኝ «ጎበዝ» አለኝ። እንደ ቀልድ አድርጌ «አሁን አንድ ሰው ያንን ማሲንቆ ቢጭነው፣ ምን ምን ያጣል?» አልኩት።

«ያለውን ሁሉ። የእሱንም ብቻ አይደለም፤ እሱ ጋ ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ያጣል። ሰው የሚረሳው ይሄን ነው።» ከዚያ «ለግሩፑ ነግረሃል አይደል?» አለኝ።

«ነግሬያለሁ።»

«ጥሩ አደረግክ።»

ባሮክ ከሄደ በኋላ ቻናሉን ከፍቼ አየሁ። እስካሁን የለም።


ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ለይኩን ደወለ። «ጋሼ፣ ረቡዕ ማታ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ እኛ ጋ ና። እምቢ አትበለኝ። የማሳይህ ነገር አለ።»

ሊፎክርብኝ ነው። የሰረቀውን ቅንብር በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ፊቴን ሊያይ ነው።

«እመጣለሁ» አልኩት። እስከ ረቡዕ የሌባው እጅ ካልቀደመው እሄዳለሁ።

«እኛ ጋ» ያለው ምን ማለቱ ነው? ብቻውን ነው የሚሠራው።


ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ቻናሉን ከፈትኩ። ወጥቷል። «ጥሬ ድምፅ፤ ከሲግናል፣ ገና ያልወጣ ሙሉ አልበም፣ ዘጠኝ ዘፈን።» ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ብቻዬን፣ በዚያ በስፖንጅ ቤት ውስጥ። እትዬ አባይነሽ ቢያዩኝ አብዷል ይሉ ነበር። «በል እንግዲህ ለይኩን! በል ቅመሰው!» አልኩ። በደንብ ልሰማለት ብዬ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ከፈትኩት።

የመጀመሪያው ዘፈን የእኔ መግቢያ ነው። ክራሩ፣ አምባሰሉ፣ ሁሉም የእኔ ነው። ይኸው ሰረቀኝ አልኩ፣ ደስ እያለኝ። ከዚያ ድምፁ ገባ።

ሰርክ ናት።

ጉንፋን የለባትም። አራተኛው ዘፈን ላይ ከፍ የሚለው ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ አልተሰነጠቀም፤ ወጣችው፣ እዚያው ላይ ቆማ ቆየች። ሁለት ዓመት ስለምናት ስለምናት ያላወጣችው ነው። ከበስተኋላዋ ዋሽንቱ ያለቅሳል። የእኔ ዋሽንት። አራተኛውን እስኪያልቅ ሰማሁት፤ ማጥፋት አቃተኝ። ይህን ያህል ያማረ ነገር በእጄ አልፎ አያውቅም፤ በእጄ ግን አልሠራሁትም፣ በእጄ ያደረግኩት ሌላ ነገር ነው።

ስልኩ ጮኸ። የሰርክ ቁጥር። ከሐምሌ 4 ወዲህ መጀመሪያዋ ነው።

«እንድርያስ፣ አየኸው?» ታለቅሳለች። ከኋላዋ ለይኩን ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ ትልቅ ሰው ጮኾ ሲያለቅስ።

«አየሁት።»

«እንደገና! እንደገና አደረጉኝ!» ትንፋሽዋን እስክትሰበስብ ጠበቅኩ። «አንተ እንዳትሰማ ነበር የሠራነው። ለይኩን ራሱ ነው እንጦጦ ድረስ መጥቶ እማዬን ለምኖ ያወጣኝ። 'የጋሼ ቅንብር ሜዳ ላይ ወድቆ አይቀርም፣ አንድም ነገር ሳንለውጥ እንደገና እንቅዳውና ለእንቁጣጣሽ እንስጠው' አለኝ። ነገ ማታ ልንሰጥህ ነበር እኮ። ስምህ ከስሜ በላይ ነው የተጻፈው።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። አንድ ነገር ብያለሁ።

«ከየት እንደገባ እኮ ነው ያልገባን» አለች። «ለይኩን አንተን ካገኘህ ነገር በኋላ ፈርቶ ከማንም ምንም አልጫነም። አንድ አንተ ከላክልን ዋሽንት በቀር፣ አንድም ነገር አልጫነም።»

ይህን ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። ጆሮዬን አውቀዋለሁ፤ ጥርጣሬ ቢኖር እሰማው ነበር። አልነበረም።

«ኢንተርኔቱን ንቀሉት» አልኳት። «አሁኑኑ። ኮምፒውተሩን እንዳትነኩት።»

«ነቅለነዋል። ባሮክንም ደውለን ለምነነዋል፤ የአንተንም እሱ እንደመረመረው ነገረን፣ ነገ ጠዋት ይመጣል። የአንተን እንዳገኘልህ በየት በኩል እንደገባና ማን እንደላከው ያገኘዋል አይደል?»

«ያገኘዋል።»

«እንድርያስ፣ ያንን ሰው በዐይኔ ማየት እፈልጋለሁ። አልምረውም። በመድኃኔዓለም፣ አልምረውም። ባሮክ ስሙን ሲናገር ብቻዬን እንዳልሆን፣ አንተም አጠገቤ ቁም።»

እሺ አልኳት።